የጎደለው መጨረሻ፦ አደንን በካሜራ የመቅረጽ አጭር ታሪክ

ስልኬ ውስጥ አንድ የ41 ሰከንድ ክሊፕ አለ። ባለፈው ኖቬምበር ሰሜን ሚኒሶታ ውስጥ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የተቀረጸ ነው። በረዶ የለበሰ ጫካ ይታያል። ከቀኝ በኩል አንድ አጋዘን ቀስ ብሎ ይገባል፣ ይቆማል፣ ጆሮውን ያዞራል። ምስሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ የኔ ክርን ነው። ከዚያ ተኩስ። አጋዘኑ ወደ ላይ ይዘልና ጥዶቹ መሃል ይጠፋል። የቀረው የኔ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ክሊፑ ያምራል፤ ያየው ሁሉ ያለኝ ይህንኑ ነው። ክሊፑ የማያሳየው ነገር ግን አለ። ማማው ላይ ሆኜ ማየት ከነበረብኝ በላይ ያየሁት አጋዘኑን ሳይሆን ስክሪኑን ነው። ፎከሱ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆብኝ እሱን ሳስተካክል እንስሳው ቆሞ የነበረባቸው አራት አምስት ሰከንዶች አለፉ። ጠመንጃውን ስይዝ መዞር ጀምሮ ነበር። ተኮስኩ። ጥይቱ ማረፍ ከነበረበት ቦታ ወደ ኋላ አረፈ።

ደሙን ተከትለን እስኪጨልም ድረስ ሄድን። በማግስቱም ሄድን። አላገኘነውም።

ለአደን ያወጣኝ የሥራ ባልደረባዬ እዚያው ሰሜን ያደገ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር ጫካ የገባ ሰው ነው። እሱ በሦስተኛው ቀን የራሱን አጋዘን በንጹሕ ተኩስ ጣለ። ማታ ካቢኑ ውስጥ ላፕቶፔን ከፍቼ ስተክዝ አየኝና ሊያጽናናኝ ፈልጎ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ የሱን መጨረሻ ከኔ መጀመሪያ ጋር ቀጥለው። በረዶው አንድ ነው፣ ጫካው አንድ ነው፣ ሁለታችንም ያው ብርቱካናማ ጃኬት ነው የለበስነው። ማን ያውቃል?

ሞከርኩት። የኔን ክሊፕ ከፊት፣ የሱን ከኋላ አድርጌ አጫወትኩት። ስፌቱ አይታይም ነበር። እውነቱን ለመናገር ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ኮድ ስጽፍ ያለ ምክንያት የሚሠራ ነገር ሳይ እንደምፈራው ማለት ነው።

ፋይሉን ዘግቼ ማንበብ ጀመርኩ። ከኔ በፊት አደን የቀረጹ ሰዎች መጨረሻው ሲጎድልባቸው ምን አደረጉ? መልሱ ከጠበቅኩት በላይ ረጅም ሆኖ አገኘሁት። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ከካሜራ በፊት ምስክር ነበር

አያቴ ጎጃም ቆላ ወርዶ ጎሽ ገድሏል ይባላል። «ይባላል» የምለው እኔ ስላላየሁ ነው፤ በቤታችን ግን ይህን ቃል የሚጠቀም የለም። አባቴ ልጅ ሆኖ ጭራውን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስላየው ለሱ ነገሩ ያለቀለት ነው።

በአገራችን የአደን ባህል ማስረጃ ቀልድ አልነበረም። ዝሆን፣ አንበሳ፣ አውራሪስ ወይም ጎሽ የገደለ ሰው እንደየደረጃው ክብር ነበረው። ዝሆን ገዳይ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያደርግ ነበር፤ የአንበሳ ጎፈር ራስ ላይ ይደፋ ነበር። ክብሩ ትልቅ ስለሆነ ውሸቱም አጓጊ ነው። ስለዚህ ሰው ባዶ እጁን መጥቶ «ገደልኩ» አይልም፤ ጭራ ወይም ጆሮ ይዞ፣ አብሮት የነበረ ሰው እያየው ነው የሚፎክረው። ፉከራ ብቻውን የሚቆም ግጥም አይደለም። ፊት ለፊት የተቀመጠ «ውሸት ነው!» ማለት የሚችል ሰው አለ።

ካሜራ ሲመጣ የተተካው ይሄ ሰውዬ ነው። ካሜራ ደግሞ «ውሸት ነው!» አይልም።

ጥይት የሌለው ጠመንጃ

እንግሊዝኛ ጠመንጃንም ካሜራንም በአንድ ግሥ ይተኩሳል። አማርኛ ለይቶታል፤ ፎቶ እናነሳለን፣ ፊልም እንቀርጻለን። የእንግሊዝኛው ግን ዝም ብሎ ዘይቤ ብቻ አይደለም። በ1882 ኤቲየን ዡል ማሬ የተባለ ፈረንሳዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቃል በቃል ጠመንጃ የሚመስል ካሜራ ሠራ። አፈሙዙ ውስጥ ሌንስ አለ፤ ጥይት በሚጎርስበት ቦታ የሚሽከረከር የመስታወት ሳህን ተቀምጧል። በራሪ ወፍ ላይ አነጣጥሮ ቃታውን ሲስበው በሰከንድ 12 ምስል ይወስዳል። ማሬ የፈለገው ወፏን መግደል ሳይሆን ክንፏ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ነበር።

ማለትም ከሲኒማ አያቶች አንዱ የአደን መሣሪያ ቅርጽ ነበረው። ማሬ ግን ዕድለኛ ነበር፤ ምርጫ አልገጠመውም። ያለችው ቃታ አንዲት ናት። እኔ ማማው ላይ ሁለት ቃታ ነበረኝ።

ቺካጎ ውስጥ የሞተው አንበሳ

በ1909 ቴዎዶር ሩዝቬልት ከአሜሪካ ፕሬዝዳንትነት እንደወረደ ለስሚዝሶኒያን ተቋም ናሙና ለመሰብሰብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሄደ። እሱና ልጁ ከርሚት በዚያ ጉዞ 512 እንስሳት ገደሉ። ጋዜጣው ሁሉ ስለዚህ ነበር የሚያወራው። ቺካጎ የነበረው የፊልም ነጋዴ ዊልያም ሴሊግ ካሜራ ከጉዞው ጋር እንዲሄድ ፈለገ፤ አልተሳካለትም።

ታዲያ ምን አደረገ? አንድ ያረጀ አንበሳ ገዛ። ስቱዲዮው ውስጥ ጫካ ሠራ። ሩዝቬልትን የሚመስል ተዋናይ መነጽርና ጺም አድርጎለት አቆመው። የቺካጎ ጥቁር አሜሪካውያን «አፍሪካውያን» ሆነው ተሠለፉ። አንበሳው ግን በእውነት ተገደለ። ሩዝቬልት አንበሳ ገደለ የሚለው ወሬ አሜሪካ ሲደርስ ፊልሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። የሩዝቬልት ስም ፊልሙ ላይ አልተጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገም። ሕዝቡ የጎደለውን ራሱ ሞላው። ፊልሙ ብዙ ገንዘብ አመጣ።

እውነተኛው ፊልምስ? እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ፎቶግራፍ አንሺ ቼሪ ኪርተን አፍሪካ ውስጥ ከሩዝቬልት ጋር ተገናኝቶ ቀርጾታል። በ1910 ለእይታ ሲቀርብ ተመልካቹ ቅር አለው። ሰው ይሄዳል፣ ጭፈራ አለ፣ ሩቅ ያሉ እንስሳት አሉ። ሩዝቬልት አንበሳ ሲገድል ግን የለም። ሐሰተኛው አንበሳ ነበረው፤ እውነተኛው አልነበረውም።

ይህን ሳነብ ሳቅኩ፤ ከዚያ ላፕቶፔን አየሁና ሳቄን ዋጥኩ። የባልደረባዬ አጋዘን የሴሊግ አንበሳ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው በ1909 እኛ ዘንድ ዳግማዊ ምኒልክ አደንን፣ በተለይ የዝሆን አደንን የሚገድብ ደንብ አውጥተዋል። አንዱ አገር አንበሳ ጠፍቶበት ከገበያ ሲገዛ፣ ሌላው ዝሆን እንዳያልቅበት ሕግ ይጽፍ ነበር።

የሦስት ሳምንት ኮርስ

ሮበርት ፍላኸርቲ ፊልም ሠሪ አልነበረም። ሰሜን ካናዳ ውስጥ ብረት ያለበትን መሬት የሚያስስ ሰው ነበር። አሠሪው ካሜራ ይዞ እንዲሄድ ሐሳብ ሲያቀርብለት ሮቸስተር፣ ኒውዮርክ ሄዶ የሦስት ሳምንት ኮርስ ወሰደ፤ ከዚያ በረዶው ውስጥ ገባ። ዩቲዩብ ላይ ሁለት ቱቶሪያል አይቶ ጫካ እንደገባው እንደኔ ዓይነቱ ማለት ነው።

የመጀመሪያ ሥራውን በ1916 ቶሮንቶ ውስጥ ኤዲት ሲያደርግ ሲጋራው ፊልሙ ላይ ወደቀ። የዚያ ዘመን ፊልም እንደ ባሩድ የሚነድ ነገር ነው፤ 30,000 ጫማ ያህል ኔጋቲቭ ተቃጠለ። ባክአፕ የለ፣ ምን የለ። ቆይቶ ሲናገር ግን ብዙም አላዘነም፤ ሥራው የጉዞ ቁርጥራጭ እንጂ ታሪክ እንዳልነበረ ገብቶት ነበር።

ስለዚህ ተመለሰ። በሐድሰን የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ አላካሪያላክ የተባለ ኢኑክ አዳኝ ላይ አተኮረና «ናኑክ» የሚል ስም ሰጠው። ሁለት የኤክሊ ካሜራ ይዞ ነበር። ካርል ኤክሊ ለሙዚየም እንስሳትን የሚያደርቅ ባለሙያ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ የአንበሳ አደን ሊቀርጽ ሞክሮ የዘመኑ ካሜራ ቶሎ አልዞር ሲለው ተናዶ የራሱን ሠራ፣ በ1915ም የፈጠራ መብት አገኘበት። የሚሮጥ እንስሳን ያለ መንቀጥቀጥ ተከትሎ የሚዞር ካሜራ ነው። መሣሪያው ራሱ አደን ላይ ከመክሸፍ የተወለደ ነው።

«ናኑክ ኦቭ ዘ ኖርዝ» በ1922 ወጣ። በፊልሙ ውስጥ የዋልረስ አደን አለ። አዳኞቹ እንስሳውን በጦር ወግተው ገመዱን ይዘው ከባሕሩ ጋር ይታገላሉ። በዚያን ጊዜ ኢኑኢቶቹ ጠመንጃ ነበራቸው፤ ፍላኸርቲ ግን የድሮውን አደን ፈለገ። እሱ ራሱ እንደጻፈው ሰዎቹ እየተጎተቱ «ተኩስልን!» እያሉ ሲለምኑት ያልሰማ መስሎ መዘውሩን ማዞሩን ቀጠለ። ከመጀመሪያውም ውል ነበራቸው፤ አደኑና ፊልሙ ከተጋጩ የሚቀድመው ፊልሙ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ናኑክ በበረዶው ቀዳዳ ከሲል ጋር ሲታገል እናያለን። ሲሉ አስቀድሞ ሞቷል፤ ገመዱን ከካሜራው ውጪ የቆሙ ሰዎች ነበሩ የሚጎትቱት።

እዚህ ላይ ፈጥኜ መፍረድ ነበር የፈለግኩት። ግን አንድ ነገር አቆመኝ። ፍላኸርቲ ፊልሙን እዚያው እያጠበ ለራሳቸው ለሰዎቹ ያሳያቸው ነበር። የዋልረሱን አደን ሲያዩ እንስሳው እንዳያመልጥ ስክሪኑ ላይ እየጮሁ አበረታቱ። ከዚያ በኋላ ቀጣዩ ትዕይንት ምን ይሁን የሚለውን አብረውት አሰቡ። በከፊል የነሱም ፊልም ነው። የናኑክ ችግር መተወኑ ብቻ ሳይሆን፣ ውሉን የማናውቀው እኛ ተመልካቾቹ መሆናችን ነው።

ፍሬድ ቤር ሲኒማ ቤት ሲገባ

ዛሬ ብቻውን ካሜራ ይዞ ጫካ የሚገባ ሰው ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀው፣ የሁለት ሰዎች ዘመድ ነው። አርት ያንግ በ1920ዎቹ አላስካ ውስጥ በቀስት እያደነ ራሱን ያስቀረጸ ሰው ነው። ፊልሙን ይዞ በየከተማው እየዞረ ያሳይ ነበር። በ1927 ዲትሮይት ውስጥ ሲያሳይ ከተመልካቾቹ መሃል በመኪና ኢንዱስትሪ ውስጥ የሚሠራ ፍሬድ ቤር የተባለ ወጣት ነበር። ከያንግ ጋር ተዋወቀ፣ ቀስት መሥራት ተማረ፣ በ1933 የራሱን ድርጅት ከፈተ። ከዚያ እሱም በተራው የራሱን አደን እያስቀረጸ ለሕዝብ አሳየ፤ በመጨረሻም የኤቢሲ ቴሌቪዥን የአደን ፕሮግራም ላይ ቀረበ። አንድ ፊልም አንድ አዳኝ ወለደ፤ አዳኙ ደግሞ ብዙ ሺህ።

መሣሪያውም እየረከሰ መጣ። ኮዳክ በ1923 ለአማተሮች 16 ሚሊሜትር ፊልም አወጣ። አንድ 100 ጫማ ጥቅል በሰከንድ 24 ምስል ሲቀረጽ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በስፕሪንግ የሚሠራ ካሜራ ደግሞ አንዴ ተጠምዝዞ የሚሠራው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ቀራጩ እያንዳንዱን ሰከንድ ይመርጣል። የኔ ካሜራ ያን ቀን አራት ሰዓት ቀርጾ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ተኩሉ ቅርንጫፍ ነው።

ግን በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ያልተለወጠ ነገር ነበር፦ አዳኙና ቀራጩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ያንግም ቤርም ሲተኩሱ ካሜራውን የያዘ ሌላ ሰው ነበረ። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ላይ የጫነው ርካሹ ዲጂታል ካሜራ ነው። በሙያዬ ቋንቋ፣ ሁለት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ሊይዙ ሲሻሙ የሚፈጠር ባግ አለ። አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ የሚታየው በጣም በምትፈልገው ሰከንድ ነው። ያ ባግ የኔን አጋዘን አቆሰለ።

ቀጭኔው

ወደ ጆን ማርሻል እንምጣ፤ ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ እሱ ነው።

አባቱ ሎረንስ ማርሻል ሬይተን የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ቤተሰባቸውን ይዘው ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር፣ ናይ ናይ ወደሚባለው የካላሃሪ ክፍል ሄዱ። ጆን ገና ሃያ ያልሞላው ጎረምሳ ነበር። አባትየው 16 ሚሊሜትር ካሜራ ሰጡትና ሰዎቹን አታዛቸው፣ ጥበበኛ ለመሆንም አትሞክር፣ የሚያደርጉትን ብቻ ቅረጽ ብለው መከሩት። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

በ1957 «ዘ ሀንተርስ» የተባለው ፊልሙ ወጣ። አራት የጁዋንሲ ሰዎች በመርዝ ቀስት ቀጭኔ ወግተው ለቀናት ዱካዋን እየተከተሉ በመጨረሻ ይገድሏታል። ፊልሙ ታዋቂ ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንትሮፖሎጂ ተማሪ ለዓመታት አሳዩት፤ በ2003 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገባ።

ያ አንድ አደን ግን አንድ አደን አልነበረም። ከተለያዩ አደኖች የተቀረጹ ክሊፖች ተሰፍተው ነው አንድ የሆኑት። ከማሳደዱ ከፊሉ ደግሞ በመኪና እየተነዳ የተቀረጸ ነው። ይህን ያወቅነው ማንም አጋልጦት ሳይሆን ማርሻል ራሱ ስለተናገረ ነው። ካቢኑ ውስጥ እኔ ልሠራው የነበረው ስፌት ይኸው ነው፤ የኔ የሁለት አጋዘን፣ የሱ የብዙ ቀጭኔ።

ሆኖም ማርሻልን ኋላ ላይ ያስጨነቀው ስፌቱ ብቻ አልነበረም። ትልቁ ነገር ፊልሙ ያስረዳው ሐሳብ ነበር። ፊልሙን ያየ ሰው እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት በአደን ነው ብሎ ይወጣል። ጁዋንሲዎቹን በአብዛኛው የሚመግበው ግን ከመሬት የሚለቀም ነበር፤ አብዛኛውን የሚለቅሙት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ሥር መማስ ግን እንደ ቀጭኔ አያስሮጥም።

ማርሻል በ1958 ከአካባቢው ተባረረ፤ የተመለሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ሲመለስ ጁዋንሲዎቹ አብዛኛውን መሬታቸውን ተነጥቀው አንድ የመንግሥት ሠፈር ውስጥ ተከማችተው አገኛቸው። ማደን የሚችሉበት መሬት አልቀረም። ጉድጓድ ቆፍረው ከብት ማርባት ፈለጉ። ያን ጊዜ የቀረውን መሬት የዱር እንስሳት መጠበቂያ ለማድረግ ዕቅድ ተነሳ፤ ሰዎቹም እንደ ፊልሙ «አዳኝ» ሆነው ለቱሪስት እንዲኖሩ ታሰበ። ማርሻል ካሜራውን አስቀምጦ የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈርና መሟገት ያዘ። እስከሚሞት ድረስ፣ እስከ 2005፣ በከፊል እሱ ራሱ ከረዳው ምስል ጋር ነበር የሚታገለው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የባልደረባዬ «ማን ያውቃል?» ሌላ ድምፅ ነበረው። የሚጎዳው ምን ያህል ሰው እንደሚያውቅ ሳይሆን ሰው ምን ብሎ እንደሚያምን ነው። የኔን የተሰፋ ቪዲዮ ያየ አንድ ሌላ ጀማሪ ካሜራና ጠመንጃ አብረው ያለ ችግር ይሄዳሉ ብሎ ያምናል። ከዚያ እሱም ማማ ላይ ወጥቶ አራት ሰከንድ ያባክናል። አንድ ሌላ አጋዘንም ጥዶቹ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ እንዴት እንደምቀርጽ

ምክር ለመስጠት ብቁ አይደለሁም፤ የከሸፈ ሰው ማስታወሻ ብላችሁ ውሰዱት። ካሜራውን በእጅ አትያዙ፤ ዛፉ ላይ በክንድ አስሩት። ፎከሱን በእጅ አድርጉና እንስሳው ይመጣበታል ባላችሁት ርቀት ላይ ቀድማችሁ ቆልፉት፤ ኦቶፎከስ ቅርንጫፍ ይወዳል። ሰፊ ምስል የምትይዝ ሁለተኛ ትንሽ ካሜራ ካለች ቀድማችሁ አብሯት ተዋት። ብርድ ባትሪ ይገድላል፤ ትርፉን ደረታችሁ ኪስ ውስጥ አሙቁ። ቤት ውስጥ ባዶ ጠመንጃ ይዛችሁ ቅደም ተከተሉን ደጋግማችሁ ተለማመዱ። እንስሳው ከታየ በኋላ ካሜራውን ንኩት የሚል ሕግ የለም። እኔ አሁን የምሠራበት ሕግ የፍላኸርቲ ውል ተገልብጦ ነው፦ አደኑና ፊልሙ ከተጋጩ የሚቀድመው እንስሳው ነው።

የራሴን ቪዲዮ በመጨረሻ ጨረስኩት፤ 11 ደቂቃ ነው። ተኩሱ አለ። ከዚያ ደም፣ ከዚያ ዱካ፣ ከዚያ ሌሎች ዱካዎች የተቀላቀሉበት ሜዳ። ከዚያ በረዶ ብቻ። ባልደረባዬ አይቶት ትንሽ ዝም አለና በ16 ዓመቱ እሱም አንድ እንደጠፋበት ነገረኝ። ለሰው ሲያወራ የመጀመሪያው እንደሆነም ጨመረ።

ለአባቴ አዲስ አበባ ላክሁለት። ያፍርብኛል ብዬ ነበር። ማታ ደወለ።

«ደሙ ጥቁር ነበር ወይስ ደማቅ ቀይ?»

«ጥቁር ነገር ነው አባዬ።»

«ከተኮስክ በኋላ ስንት ሰዓት ጠበቅክ?»

«ወዲያው ነው የወረድነው።»

በረጅሙ ተነፈሰ። «ተው እንጂ ልጄ። የቆሰለ እንስሳ ወዲያው ከተከተልከው ይርቃል። አባቴ ቁጭ ብሎ ትንባሆውን እስኪጨርስ አይነሳም ነበር። ትተኛለች፣ ከዚያ ታገኛታለህ ይል ነበር።» ቀጥሎ ሰምቼ የማላውቀውን ነገር ነገረኝ። አያቴ ቆላ የወረደው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ጎሹን አቁስሎ አጥቶታል። ያን ዓመት አልፎከረም። ሰው ሲጠይቀው «አመለጠኝ» ነበር የሚለው፤ ግድግዳው ላይ ያለችው ጭራ የሁለተኛው ናት።

እስከዚያች ማታ ድረስ ስለ አንዱ ጎሽ ብቻ ነበር የማውቀው።